የባቢሌ ለውዝና ሁለቱ በሮች

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወጌ ጅብ የለበትም፤ ፈረንሳዊ ባለቅኔም የለበትም። ሐረርን የሚተርክ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እነሱ ስለሚሮጥ አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የዛሬው ባለታሪክ ለውዝ ነው። ኦቾሎኒ የምትሉትም አላችሁ፤ በፈለጋችሁት ስም ጥሩት፣ ያው እሱ ነው።

ከሸዋ በር ገበያ ተነስታችሁ ወደ ፈረስ መጋላ ስታዘግሙ ለውዝ ሻጮችን አታጡም። ከፊት ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ የተቆላ ለውዝ፣ ከላይ መስፈሪያ ብርጭቆ። አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ሁለት ፍሬ ያነሳሉ። በአውራ ጣታቸው ቀዩን ልባስ ፈትገው ያራግፋሉ፤ ከዚያ ከመብላታቸው በፊት ያሸቱታል።

“የኔ ልጅ፣ ይሄ የአምና አይደለም?”

“ወላሂ የዘንድሮ ነው አባባ! ከባቢሌ ገና መግባቱ ነው፣ ይቅመሱት እንጂ!”

የአባባ አፍንጫ ምን እየፈለገ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያረጀ ዘይት ነው። ለውዝ ማለት ከመቶ እጅ ከ45 እስከ 50 የሚሆነው ዘይት የሆነ ፍሬ ነው። ዘይት ደግሞ አየር ባገኘው ቁጥር እየተበላሸ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ምላስ ላይ ይመራል፣ በመጨረሻ ጉሮሮ ይከረክራል። የባቢሌ ገበሬ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የነቀለውን ለውዝ በዚያው ሰሞን ቢሸጠው ዋጋው ይረክስበታል፤ ስለዚህ ገበያው እስኪወደድ ያቆየዋል። ባቆየው ቁጥር ግን ከጆንያው ውስጥ ዘይቱ እያረጀ ነው። ታዲያ “ጥራት ያለው ዘይት የሚሰጥ ዝርያ” ሲባል የፋብሪካ ባለቤት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይታረም፤ ጉዳዩ የገበሬው ጆንያም ነው፣ የሰፌዱ ባለቤትም ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ አሥር ሺህ ገደማ ይሏቸዋል፣ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ቦሊቪያና አርጀንቲና በሚዋሰኑበት አገር ሁለት የዱር ተክሎች ተገናኙ። ሳይንስ አንዱን አራኪስ ዱራኔንሲስ፣ ሌላውን አራኪስ ኢፓኤንሲስ ይላቸዋል። አንዲት ንብ የአንዱን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው አደረሰች፤ ከተዳቀሉት የተወለደው ተክል የእናቱንም የአባቱንም የዘር ቅጂ አንዱንም ሳይጥል ሙሉ ለሙሉ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ለውዝ በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ ሁለት ሙሉ ውርስ ተሸክሟል። ተመራማሪዎች የሁለቱን ወላጆች የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የልጃቸውን ደግሞ በ2019 ሙሉውን አንብበው አሳተሙ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሁለት ውርስ። ኋላ ላይ የምታስቸግረን እሷ ናት።

ፖርቱጋሎች ለውዙን በመርከብ ጭነው ወደ አፍሪካ አመጡት። ወደ ሐረርጌ የገባው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ጽሑፎች እንደሚሉት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከኤርትራ በኩል ጣሊያኖች ናቸው ያደረሱት። መቶ ዓመትን ገና ጥቂት ያለፈ እንግዳ ነው እንግዲህ። ዛሬ ግን ባቢሌን ያለ ለውዝ፣ ጉርሱምንና ፈዲስንም ያለ ለውዝ የሚያስባቸው የለም።

ለምን እዚያ ተመቸው? አሸዋ ነዋ! ከሐረር በስተምሥራቅ የጅጅጋን መንገድ ይዛችሁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ መሬቱ እየቀላ፣ እየላላ፣ አሸዋ እየሆነ ይመጣል። ለውዝ ከአብዛኞቹ የጥራጥሬ ዘመዶቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። አበባው ከመሬት በላይ ይፈካል፤ ከተዳቀለ በኋላ ግን ከሥሩ ቀጭን ዘንግ ያወጣና ቁልቁል ወደ አፈር ይገባል። ፍሬው ቅርፊት የሚያበጀው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። አፈሩ ደረቅ ሸክላ ከሆነ ዘንጉ መግባት ያቅተዋል፤ ቢገባም ሲነቀል ግማሹ ፍሬ መሬት ውስጥ ይቀራል። የባቢሌ አሸዋ ግን ሲገባም ሲወጣም አያስቸግርም።  

ከሐረር በስተምዕራብ ደግሞ ዓለማያ አለ፣ የዛሬው ሐረማያ። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተተከለውን የእርሻ ኮሌጅ ጃንሆይ በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። የሐረርጌ ለውዝ ዕጣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሁለት ቦታ ተከፈለ። አንደኛው ይኸው ኮሌጅ ነው፤ ባቢሌ ላይ የሙከራ ጣቢያ ይዞ በዝናብ የሚበቅለውን ለውዝ ያጠና ጀመር። ሌላው አፋር ውስጥ አዋሽ ዳር ያለው የወረር የምርምር ማዕከል ነው፤ እዚያ በመስኖ ይሠራል። ከወረር ሹላሚት የምትባለው ከእስራኤል የመጣች ዝርያ ወጣች፤ ከዚያ ኤንሲ-4ኤክስ፣ ሮባ፣ ሰዲ፣ ከዚያም ወረር የሚል ስም ከቁጥር ጋር የያዙት ተከታተሉ። ሐረማያም በበኩሏ ባሃ-ጉዶና ባሃ-ጂዱ የተባሉትን፣ ቀጥሎም በባቢሌ ስም የተጠሩትን ለቀቀች። ገበሬው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የያዘው ኦልድሃሌ የሚለው የራሱ ለውዝ አለው፤ ዛሬም ያልተወው ብዙ ነው።

ኤንሲ-4ኤክስን ዝም ብዬ ባልፈው ይከነክነኛል። “ኤንሲ” ማለት ሰሜን ካሮላይና ነው። “ኤክስ” ደግሞ ኤክስሬይ! ዋልተን ግሪጎሪ የሚባል አሜሪካዊ አዳቃይ የለውዝ ዘር ሰብስቦ ኤክስሬይ አስመታው። በጨረሩ የዘር ሰንሰለታቸው የተዛነፈባቸውን ዘርቶ፣ ከሚሞተውና ከሚቀጭጨው መካከል ጠንካራውን ለቀመ። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበሬ የወጣው ያ ለውዝ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ሙሪኤል ሃዎርዝ የምትባል ሴት ይህንኑ “የአቶም ለውዝ” አስመጥታ በራት ግብዣ ላይ አቀረበች አሉ፤ የተረፈውንም መሬት ላይ ተከለችው። እሷ በጓሮዋ እየተደነቀች ሳለ የዚያው ዘር ወገን ዞሮ ዞሮ አዋሽ ዳር ደረሰ። እኛ “አገር በቀል” ብለን የምንፎክርበት ስንቱ ነገር ይሆን እንዲህ ዓይነት ዘር ማንዘር ያለው?

እነዚህ ዝርያዎች በምን ተመረጡ ብትሉኝ፦ በምርት፣ በፍሬ መጠን፣ ዝናብ ከመቋረጡ በፊት በመድረስ፣ ቅጠል ላይ ነጠብጣብ የሚያወጣውን በሽታ በመቋቋም። የዘይቱም መጠን ይለካል። ብዙ ዘይት ያለው ተመስግኖ ያልፋል። የዘይቱ ዓይነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዛሬው ነገር የሚጠልቀውም እዚህ ጋ ነው።

የለውዝ ዘይት በአብዛኛው የሁለት አሲዶች ድብልቅ ነው፤ ኦሌይክና ሊኖሌይክ። ሁለቱም ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለት ናቸው። ኦሌይክ አንድ ድርብ ትስስር አለው፣ ሊኖሌይክ ሁለት። ኦክስጅን ጥቃት የሚጀምረው በእነዚህ ትስስሮች አካባቢ ስለሆነ ሁለት ያለው አንድ ካለው አሥር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይበላሻል። የአባባ አፍንጫ የያዘው ያ ሽታ በአብዛኛው የሊኖሌይክ ሥራ ነው። (ሊኖሌይክን ግን እንደ ጠላት አትዩብኝ፤ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ማግኘት ያለብን ነገር ነው። የእኛ ኑግ ደግሞ በእሱ የተሞላ ነው፤ ኑግ የሚበላ አገር ሊኖሌይክ ይጎድለኛል ብሎ አይፈራም።)

ተክሉ መጀመሪያ የሚሠራው ኦሌይክን ነው። ከዚያ አንድ ኤንዛይም መጥቶ ሁለተኛውን ትስስር ይጨምርበትና ወደ ሊኖሌይክ ይለውጠዋል። የኤንዛይሙ ትእዛዝ የተጻፈበት ዘረመል ፋድ-2 ይባላል። ፋድ-2ን ብትሰብረው ኦሌይክ ኦሌይክ እንደሆነ ይቀራል ማለት ነው። ቀላል መሰለ አይደል? ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አሁን መጣ። በግንብ የታጠረችው የሐረር ጁገል ድሮ አምስት በር ነበራት፤ ሲመሽ በሮቹ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉም ወደ አሚሩ ቤት ይገባል። አራቱን ቆልፎ አንዱን የረሳ ዘበኛ ከተማዋን ዘግቻለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ለውዝም ከሁለት ወላጅ የወረሰው ፋድ-2 ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ ሊኖሌይኩም መመረቱን አያቆምም። ሁለቱም በር መዘጋት አለበት።

ተፈጥሮ ደግሞ አንደኛውን በር በብዙ ለውዝ ላይ ዘግታዋለች። አሜሪካኖች ካከማቹት የለውዝ ናሙና ውስጥ ሲሶ ያህሉ የመጀመሪያው ዘረመል የተሰበረበት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው የተዘጋበት ግን ብርቅ ነው። ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ኖርደን የሚባል አዳቃይና ባልደረቦቹ 494 የለውዝ ዓይነት ሰብስበው የእያንዳንዱን ዘይት አንድ በአንድ መረመሩ። ሁሉም ያው የተለመደው ድብልቅ ነው። ሁለት እኅትማማች መስመሮች ብቻ ተለይተው ወጡ፤ ኦሌይካቸው ከመቶ 80፣ ሊኖሌይካቸው 2። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንን አሳተሙ። ከዚያ መስመር የተዳቀለው ሰንኦሌይክ 95አር የሚባለው ዝርያ በ1995 ለገበሬ ወጣ። ዛሬ በየአገሩ ያለው ባለ ብዙ ኦሌይክ ለውዝ አብዛኛው የዘር ሐረጉን ሲቆጥር እዚያ ይደርሳል። ከ494 ሁለት! የቤተ ሙከራው ሰው መቶኛው ላይ ሰልችቶት ቢያቆም ኖሮ ይህን ወግ አላወጋችሁም ነበር።

እሺ፣ ያንን ጠባይ ከፍሎሪዳው ለውዝ ወደ ባቢሌው እንዴት ያሻግሩታል? በእጅ ነው። እውነት ነው፣ በእጅ! ለውዝ አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው፤ ሲፈካ ሥራው አልቋል። ስለዚህ አዳቃይዋ የምትመጣው በዋዜማው ወደ ማታ ነው። ነገ የሚፈካውን እንቡጥ በግራ እጇ ጣቶች ይዛ በሾለ ወረንጦ ቢጫ ቅጠሎቹን ገለጥ ታደርጋለች። ውስጡ አሥር ወንዴ ዘንጎች አሉ፤ ስምንቱ ዱቄት የሚያፈሩ፣ ሁለቱ መካን። አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። አንዱን ከረሳች ልፋቱ ገደል ገባ። ሴቴዋን ጫፍ ከነካካቻትም እንደዚያው። ከዚያ ቅጠሎቹን መልሳ ትዘጋና ለምልክት ክር ታስራለች። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ከአባትየው ተክል አበባ ቀጥፋ የዱቄቱን እብጠት ክር በታሰረባት ላይ በቀስታ ትጨምቃለች። የሚይዘው ይይዛል፣ ብዙው ይረግፋል። የያዘው ዘንግ ወደ አፈር ሲወርድ የትኛው ዘንግ የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋ ሌላ ክር ይታሰራል። ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ ከአንድ አበባ የሚገኘው አንድ ቅርፊት፣ ውስጡ ሁለት ፍሬ ነው።

የባቢሌው ወላጅ ሁለቱም በሮቹ ክፍት ከነበሩ፣ ፍሬው ተዘርቶ የሚበቅለው ልጅም ሁለቱም በሮቹ ክፍት ናቸው! የተሰበረው ዘረመል ከደህናው ጋር ሲገናኝ ይሸነፋላ። ልጁን በራሱ ካስዳቀሉት በኋላ የልጅ ልጆቹ ላይ ነው ነገሩ የሚወጣው፤ ከአሥራ ስድስት አንዱ ሁለቱንም በር ዘግቶ ይወለዳል። የትኛው ነው ብትሉ በዓይን አይለይም። ቅጠሉ ያው፣ አበባው ያው፣ ፍሬው ያው። ድሮ የነበረው ዘዴ ከፍሬው ጀርባ፣ ፅንሱ ከሌለበት በኩል፣ በምላጭ ቀጭን ስንጥር ቆርጦ ስንጥሯን ለመመርመሪያ መስደድና የተረፈውን መትከል ነው። ፍሬው ቁራጭ ቢጎድልበትም ይበቅላል። ዛሬ ደግሞ ከቡቃያው ቅጠል ቀንጥሰው ዘረመሉን ያነባሉ፤ ለፍሬ እስኪደርስ መጠበቅ ቀረ። ሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ ያለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አገር ሰብሎች ተቋም፣ ኢክሪሳት፣ በዚህ ዘዴ ከሕንድ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ ጊርናር 4 እና ጊርናር 5 የተባሉትን ለሕንድ ገበሬ አደረሰ፤ ኦሌይካቸው 80 ከመቶ ገደማ ነው። ባቢሌን የሚመስል ሙቀትና የሚቆራረጥ ዝናብ ያለበት አገር ነውና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

“ይሄ ለፈረንጅ ነው፣ የእኛ ሰው ከየት አምጥቶ?” የሚል ካለ ደግሞ ቆይ አንድ ጊዜ። የጎመን ዘር ታውቃላችሁ፣ ምጣድ የሚታሰስበት። ዘይቱ ውስጥ ኤሩሲክ የሚባል አሲድ ከመቶ 40 በላይ ይይዛል፤ በብዛት ለሚበላ ዘይት የማይመከር ነው። ጌትነት አለማው የሚባሉ ኢትዮጵያዊ አዳቃይ ካናዳ ሄደው፣ ካኖላን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ከሆኑት ከኪት ዳውኒና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ የእኛን ጎመን ዘር ኤሩሲክ ከሌለው የምሥራቅ ሰናፍጭ ጋር አዳቅለው ኤሩሲክ አልባ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። ያ የስንጥር ዘዴ ያልኳችሁም በቅባት እህል ላይ የታወቀው በእነዳውኒ እጅ ነው። እንግዲህ የዘይትን ዓይነት በዘር መለወጥ ኢትዮጵያዊ ሞክሮት ያልተሳካለት ሥራ አይደለም።

አኩሪ አተርም የዚሁ ወግ ዘመድ ነው። ዘይቱ ከመቶ 20 ገደማ ብቻ ቢሆንም ዓለምን ካጥለቀለቁት አንዱ ነው። ቶሎ እንዳይበላሽ ፋብሪካዎች ሃይድሮጅን ያስገቡበት ነበር፤ ከዚያ የወጣው ትራንስ ፋት ልብ እየጎዳ መሆኑ ሲረጋገጥ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ይቅር አለች። አዳቃዮቹም መፍትሔ ፍለጋ ዞረው ያዩት ያንኑ ፋድ-2ን ነው። በሩ ከተዘጋ ፋብሪካው ምንም መጨመር አያስፈልገውም። የእኛ አገር አኩሪ አተር ፓዌ፣ አሶሳና ጅማ አካባቢ ስለሆነ እዚህ ሐረር ላይ ብዙም አላቆያችሁም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው ጠፋቸውና ስሙን “ኤክስ” አሉት። ኋላ ሲደረስበት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነው፤ ፋጉሎው ላይ ሻጋታ፣ ሻጋታው ውስጥ መርዝ። አፍላቶክሲን የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ጉበትን የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ሻጋታው የሚወደው ደግሞ ለውዝ ሊደርስ ሲል ዝናብ የሚቋረጥበትን አገር ነው፤ እንደ ባቢሌ ያለውን። አለማየሁ ጫላ፣ ዐብዲ ሙሐመድ፣ አማረ አያሌውና አንድ ኖርዌጂያዊ ባልደረባቸው ከባቢሌ፣ ከፈዲስ፣ ከጉርሱምና ከዳሮ ለቡ 120 ናሙና ሰብስበው መርምረው ነበር። 93ቱ ላይ ተገኘ። መጠኑ በኪሎ ከ15 ማይክሮግራም ይነሳና ከ11,000 በላይ ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የሚፈቅደው 4 ነው።

ይህን ያነሳሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። የዘይት ጥራት ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንዳንደባልቅ ነው። ኦሌይኩ የበዛ ለውዝ ቶሎ አያረጅም፤ ሻጋታን ግን አያባርርም። ሻጋታን የሚያባርረው በጊዜው መንቀል፣ ለውዙን ከነቅርፊቱ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ነገር ላይ ማድረቅ፣ የተሸበሸበና የተሰበረውን መልቀም፣ ለመፈልፈል እንዲቀል ወይም ሚዛን እንዲደፋ ብሎ ውሃ አለመርጨት ነው። ዘይቱ ተጣርቶ ሲወጣ አብዛኛው መርዝ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፤ ፋጉሎውን የምትበላው ላም ናት፣ የላሟን ወተት የሚጠጣው ሕፃን ነው። የረዥም ዕድሜ ዘይት ያለው ለውዝ እንዲያውም አንድ አደጋ ያመጣል ብዬ እፈራለሁ፤ አባባ አሸትተው “የአምና ነው” የሚሉበት ምልክት ይጠፋል። አፍንጫ ዱሮም መርዙን አያውቀውም ነበር፤ አሁን ደግሞ የቆየውንም ላያውቀው ነው።

ወደ ገበያው እንመለስ። ባቢሌ ላይ ለውዝ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ትልቅ ፍሬ፣ የጸዳ፣ ያልተሸበሸበ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ኦሌይክህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ የለም። ከሐረር ወጣ ብሎ የሐማሬሳ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ፤ ዳሩ ግን ለውዝ ተቆልቶ ወይም ለውዝ ቅቤ ሆኖ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር የሚጨመቅ ለውዝ አይወዳደርም። ከውጭ የሚገባው ፓልም ዘይት ባለበት አገር ለመጭመቂያ የሚተርፈው ደቃቁና የተሰባበረው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የባለ ብዙ ኦሌይክ ለውዝ ደንበኛ ዘይት ፋብሪካው አይደለም፤ ቆልቶ ሻጩና ለውዝ ቅቤ አምራቹ ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሦስት ወር ሳይሸት ቢቆይለት የሚያተርፈው እሱ ነው። ኮሌጁ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከገበሬው በፊት ማነጋገር ያለበት ይህንን ሰው ነው፤ ዝርያው ተለቆ ገዢ መፈለግ ሠርግ ተደግሶ ሙሽራ እንደ መፈለግ ነው።

ሌላው ጣጣ ዘር ማባዛቱ ነው። አንድ ዝርያ ለመለቀቅ በየቦታው ለዓመታት ይፈተናል፤ በመጨረሻ አሥር በአሥር ሜትር በሆነ መደብ በጣቢያውም በገበሬ ማሳም ተዘርቶ የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴው መጥቶ ያየዋል። ከአበባዋ ክር እስከዚያ ቀን አሥር ዓመት ቢሄድ አይገርምም። አለፈ ተብሎስ? ለበቆሎ ሄክታር 25 ኪሎ ዘር ይበቃል። ለውዝ ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ የተፈለፈለ ፍሬ ይበላል፤ የሚመልሰውም አሥር እጥፍ ገደማ ቢሆን ነው። ከአንድ ኩንታል ዘር ተነስቶ አንድ ወረዳ ለማዳረስ ስንት ክረምት እንደሚያስፈልግ ራሳችሁ አስሉት። በዚያ ላይ ለውዝ ራሱን ስለሚያዳቅል ገበሬው አንዴ ከያዘው በየዓመቱ አይገዛም፤ ስለዚህ ዘር ነጋዴ ድርጅት አያጓጓውም። ይህን ሥራ ማኅበራት፣ ዩኒቨርሲቲውና የወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት ካልተሸከሙት የሚሸከመው የለም።

እስከዚያው የባቢሌ ዘር በእናቶች እጅ ነው። ከኅዳሩ ምርት ለዘር የሚሆነው ሳይፈለፈል፣ ከነቅርፊቱ፣ በተለየ ጆንያ ይቀመጣል፤ ተፈልፍሎ ከቆየ የመብቀል አቅሙ ይዳከማል። የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ይፈለፈላል፣ የተሰነጠቀው ለቆሎ፣ ደህናው ለማሳ ይለያል። መልቀሚያው የፍሬው ሙላት፣ የልባሱ ቀለም፣ ያልተነቀዘ መሆኑ ነው። በዚያ ዓይነት ዓይን ሁለቱ በሮች አይታዩም። የሚያሳይ መሣሪያ ግን አለ፤ ፍሬውን ሳይሰብር ብርሃን አብርቶበት የዘይቱን ዓይነት የሚገምት፣ ዕቃው ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚቀመጥ። አንድ ጭብጥ ለውዝ ከገባለት ለመልሱ ብዙ አያስጠብቅም። ለውዝ ቅቤ አምራቹ በኪሎው ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ “ባለ ኦሌይኩን ለብቻ አምጡልኝ” ካለ፣ ባቢሌም ሐረርም ያለ ሰብሳቢ ነጋዴ ጆንያውን ለሁለት ከፍሎ የሚያስመረምርበትን ቦታ መጠየቅ ይጀምራል። ሐረማያ ደግሞ ከባቢሌ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።